ለተርቦች ያቀረብኩት ካርቶን

ግንቦት 3
አሥራ ሁለት መዝገብ ጠረዝኩ። ሁለቱ ሙጫ አልያዙም፤ ነገ እንደገና።
መጻሕፍቱን የምጫንባቸውን ሳንቃዎች ፀሐይ ላይ አውጥቼ ነበር። ስመለስ አንዱ ላይ ቀጫጭን ነጫጭ ጭረት። ባለቤቴ ላይ ጮህኩበት፣ በምን ፋቅከው ብዬ። "እኔ ጡረታ የወጣሁት ከሹፌርነት ነው እንጂ ከአይጥነት አይደለም" አለኝ። መቼም ለመልስ አያንስም።

ግንቦት 5
ፋቂዋን ያዝኳት። ተርብ ናት። ሳንቃው ላይ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ትፍቃለች፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ድምፁ ይሰማል። የፋቀችውን ጠቅልላ በረረች… ወዴት? ወደ ሥራ ክፍሌ መስኮት፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር። ቤት ጀምራለች። ቤቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል።
አምና ባለቤቴ በአንዲት ተርብ ንድፊያ አንገቱ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥረው ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ፣ ሁለተኛው ንድፊያ ሊብስ ይችላል፣ ስትነደፍ የምትወጋው ይህ መርፌ ከኪስህ እንዳይለይ ብሎት ነበር። የት ነው መርፌው? መሳቢያ ውስጥ። ሁሌም መሳቢያ ውስጥ።
ነገ በመጥረጊያ አወርደዋለሁ።

ግንቦት 6
አላወረድኩም።

ግንቦት 14
ወንበር ላይ ቆሜ አየሁት። ወረቀት ነው! እንጨቱን በምራቋ ላቁጣ፣ በአፏ ዳምጣ… ወረቀት። ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ስነካ ኖሬ እንዲህ የሳሳ፣ ግን ነፋስ የማይቀደው አላየሁም። ማን አስተማራት?
ለባለቤቴ፣ ክፍሉ ውስጥ ሙጫ ፈስሷል፣ እንዳትገባ አልኩት። ዋሸሁት። ጓሮ በወጣ ቁጥር ልቤ ስቅል ይላል።

ግንቦት 22
ምን ነክቶኝ ነው? ከመዝገብ ሽፋን የተረፈች ሰማያዊ ካርቶን ውሃ ነክሬ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩላቸው። ለማየት ብቻ።

ግንቦት 25
ሰማያዊ መስመር ወጣ! በግራጫው መሀል፣ ክር የምታህል። ብቻዬን ሳቅሁ።
ከዚያ ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ። ቤቱም እንደ ቡጢ ሆኗል። ባሌን ሊገድል ለሚችል ነገር ዕቃ እያቀረብኩ ቤት አሠራለሁ… ይኼ ጤና ነው?

ሰኔ 8
ምሳ ላይ ስለ ጎመኑ ሲኩራራ። ዘንድሮ ትል ዝር አላለም፣ አመድ ስለነሰነስኩ ነው ይላል። እኔ እኮ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ተርቧ ከቅጠሉ ላይ አረንጓዴ ትል አንስታ፣ አኝካ፣ ለልጆቿ ስትወስድ። ላመስግናት ወይስ ልጩህ? እሱ የሚውለው እዚያው ጎመኑ መሀል ነው!
ቅዳሜ አወርደዋለሁ። በቃ።

ሰኔ 11፣ ቅዳሜ
ወንበሩ ላይ ወጣሁ። መጥረጊያውን ሳነሳ አውራ ጣቴን ነደፈችኝ። እሳት ነው። ባለቤቴ ጩኸቴን ሰምቶ ገባ። ውጣ ብለው፣ ብለምነው፣ አልወጣም። ጎትቶ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠኝና በሩን ዘጋ። ከሸሚዙ ኪስ መርፌውን አወጣ። ከኪሱ!
እጄን ይዞ ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ። ምላስሽ? ጉሮሮሽ? ይተነፈሳል? ሲጠይቀኝ ጉሮሮዬ የጠበበ መሰለኝ። ግማሽ ሰዓት እንዲህ… አምና እሱም እንዲህ ነበር የፈራው? አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። የእኔ ጣቴ ብቻ አበጠ።
መርፌውን መያዝ መቼ ጀመርክ አልኩት።
"ቤቱን ካየሁ ጀምሮ። ከጓሮ ይታያል እኮ። እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅኩት። ሰማያዊውን ሳይማ ገባኝ፤ ለተርብ ካርቶን የሚሸጥ ሱቅ የለ።"
ታዲያ ለምን ዝም አልክ? አልኩት። ዓይንሽን ሳትነቅዪ የምታዪው ነገር ሲኖርሽ ካየሁ ስንት ዘመኔ፣ አለኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ተቆጣ፤ የእውነት።
"ባላየውስ? በእኔ ነፍስ ነው የተጫወትሽው።"


ሰኔ 12
ቡናውን ራሱ አፍልቶ ብቻውን ጠጣ።

ሰኔ 14
ዛሬ አናገረኝ። ዛሬውኑ ሰው ጠርቼ አስወግደዋለሁ አልኩት፤ ተይው አለ፣ እስኪሄዱ ድረስ። ጎመኑን የምለቅመው እኔ ነኝ፤ እሱ በፊት ለፊቱ በር ብቻ ይወጣል፣ ይገባል። መስኮቱ አይከፈትም። የእሱ ትእዛዝ ነው። እኔ አሁንም እፈራለሁ፤ ግን አሁን የምንፈራው ሁለት ሆነን ነው።

ጥቅምት 17
አምስት ቀን አንድም አልታየችም። ቤቱን ቆርጬ አወረድኩት። ጠረጴዛው ላይ አገላብጠን አየነው። ሰማያዊው ሦስት ቦታ ወጥቷል። ባለቤቴ በጣቱ ጫፍ ነካውና፣ አንቺን ሥራ ሊያስፈቱሽ ነበር አለ። ቁራጭ ወስጄ የዚህ ደብተር ሽፋን ውስጥ ለጠፍኩ።

ሚያዝያ 30
ሳንቃዎቹን አውጥቼ ነበር። አንዱ ላይ… አንዲት። ወደ ኋላ እያፈገፈገች ትፍቃለች።
እዚያው ጥያቸው ሮጥኩ። ባለቤቴ ጋዜጣ ያነብ ነበር። መጥታለች አልኩት፣ ቃላቱ እየተደናቀፉብኝ። የሸሚዙን ኪስ ዳሰሰ። መርፌው አለ።
"ከአጥሩ ጥግ አድርጊላት፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ" አለኝ። ገጹን ገለጠ። "ዘንድሮ ግን ቀይ ካርቶን ይሁን።"