በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈችው መስመር

ለተከበሩ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ? ክረምቱ ስለወጣ ሕመሙ ቀለል ይልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እማዬስ ዓይኗን ለማሳየት ዱራሜ ወረደች? እንሰቱ፣ ላሟ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ በጌታ ቸርነት አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ እስከዛሬ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ጻፍኩ።

እንደሚያውቁት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው ክሊኒክ የምሠራው ካርድ ክፍል ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ አሳየች እዚያች ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። በሽተኛ ሲመጣ ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥተን ለሐኪሙ እንልካለን፤ እሱም ጽፎ ይመልሰዋል። መድኃኒት የማይስማማው ሰው ከሆነ፣ እትዬ አሳየች ከካርዱ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉበታል። ካርዱ እጁ የገባ ሐኪም ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ቀይ ነበር።

ባለፈው ግንቦት ሁሉም ነገር ወደ ኮምፒውተር ይግባ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብተወልድ እስከ ሰኔ ሠላሳ ጨርሱ አሉን። ካርዱ ስምንት ሺህ ነው፤ እኛ ሁለት ሰው ነን። እንደማንደርስ ሲያዩ፣ ‹‹ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክና የካርድ ቁጥር ብቻ አስገቡ፤ የቀረው በኋላ ይሞላል›› አሉ። እትዬ አሳየች ‹‹ቀዩስ?›› ብለው ጠየቁ። ‹‹በኋላ አልኩ እኮ!›› አሏቸው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አይቼ ነበር። የአለርጂውን ቦታ፣ ማለት የማይስማማው መድኃኒት የሚጻፍበትን፣ ባዶ ከተውነው ኮምፒውተሩ ራሱ ‹‹የለም›› ብሎ ይሞላዋል። ሄጄ ነገርኳቸው፤ ‹‹ይስተካከላል›› አሉኝ። ደግሜ አልነገርኳቸውም አባቴ። በቀን መቶ ሃምሳ ካርድ እያስገባሁ ጎበዝ እባል ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። ያስገባናቸው ካርዶችም ታስረው ምድር ቤት ወረዱ።

ጋዲሴ የምትባል ሴት ነበረች። ከክሊኒኩ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ከባሏ ከፈዬራ ጋር ትኖራለች፤ ሾላ ገበያ ጎመንና ቃሪያ ትሸጣለች። ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ረፋድ ላይ ትኩሳት እያንቀጠቀጣት ብቻዋን መጣች። የጠየቋትን እንኳ በቅጡ መመለስ አልቻለችም። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ሲያይ አለርጂ የለም ይላል፤ ፔኒሲሊን አዘዘ። ነርሷ ሰዓዲያም ኮምፒውተሩን ከፍታ ያንኑ አይታ ወጋቻት። ጋዲሴ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሞተች። ሲሯሯጡ በመስኮት አይ ነበር። ሰዓዲያ የጋዲሴን ደረት እየተጫነች ስሟን ትጠራ ነበር።

እኔ ወደ ምድር ቤት ሮጥኩ። ካርዱን ፈልጌ አገኘሁት፤ ‹‹ፔኒሲሊን በፍጹም አይሰጣት›› ይላል፣ በቀይ። ኮምፒውተሩ ውስጥ መዝጋቢ በሚለው ቦታ ያለው ስም ጵርስቅላ ነው፤ የእኔ።

አመሻሹ ላይ አቶ ሀብተወልድ ጠሩኝና፣ ‹‹ካርዱን አምጪልኝ። አለርጂዋንም አሁኑኑ ኮምፒውተሩ ላይ አስገቢ። ነርሷ ሳታይ ወግታት ነው›› አሉኝ። ካርዱን አላገኘሁትም ብዬ ዋሸሁ፤ ኮምፒውተሩንም አልነካሁም። በማግስቱ ሰዓዲያን ፖሊስ ወሰዳት።

በሦስተኛው ቀን ካርዱን በነጠላዬ ሸፍኜ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ፈዬራን ከድንኳኑ ወደ ውጭ ጠርቼ ሰጠሁት። ቀይዋን መስመር በጣቱ ነካ። ‹‹ይህቺን ያስጻፍኳት እኔ ነኝ›› አለኝ። ‹‹የዛሬ ስድስት ዓመት ወግተዋት ለጥቂት ተርፋ፣ ሴትዮዋ ስትጽፍ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ታዲያ ማን አጠፋው?›› ‹‹ኮምፒውተሩ ውስጥ ያላስገባሁት እኔ ነኝ›› አልኩት። አልሰደበኝም፤ ይቅርም አላለኝ። ካርዱን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

ፈዬራ ካርዱን ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው። እኔም ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ‹‹ይህ አንቺንም ያስጠይቅሻል፣ ገብቶሻል?›› አለኝ። ገብቶኛል ብዬ ፈረምኩ። ሰዓዲያ ተፈታች፤ እኔ ከሥራ ተባረርኩ። አቶ ሀብተወልድ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰጠሁም ብለዋል። በቃል እንጂ በጽሑፍ ስላልነበረ የሚመሰክሩልኝ እትዬ አሳየች ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም እመሰክራለሁ ብለውኛል። ከጤና ቢሮ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ካርዶቹን ከምድር ቤት አስወጥተዋል። እትዬ አሳየች አንድ በአንድ ሲያዩ ቀይ ያለበት ሁለት መቶ አሥራ አራት ካርድ አገኙ። አሁን ሁሉም ገብቷል። ለጋዲሴ ግን አልደረሰም።

የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ ኅዳር ዘጠኝ ነው። እንዳይመጡ አባቴ፤ ጉልበትዎ መንገዱን አይችለውም። ይጸልዩልኝ።

ወንድሜን ወንድይራድን ከነባለቤቱ ሰላም ይበሉልኝ። ልጃቸውን ባርኮትን ትምህርቱን በርታ ይበሉት፤ አክስቴን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ የሚያነቡላት እርስዎ ነዎት። እንዳትደነግጥ ብለው እኔ ያጠፋሁትን እንዳይዘሉት። ሁሉንም ያንብቡላት።

ልጅዎ ጵርስቅላ
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.