የሻምበል ክኒን

ለምወድዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ዓይንዎ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዴት ሆነልዎት? ጨጓራዎስ ፋታ ሰጠዎት? እህቴ ይህን ስታነብልዎ “ይቺ ልጅ ጥያቄ አይሰለቻትም” እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ደህና ናት። ውሻዎ ሻምበልም፣ ተመስገን፣ ይኸው እግሬ ሥር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል።

በቀላሉ ጻፍኩት እንጂ ልናጣው ነበር። ዓይንዎ እስኪድን ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለዓይንዎ ሕክምና እህቴ ዘንድ ሲሄዱ “የጨጓራውን ክኒን እንዳታቋርጪበት” ብለውኝ አልነበር? በእኛ ቤት ሐኪም ያዘዘው አይቋረጥም፤ አባት ያዘዘውማ ጭራሽ! ጠዋት ጠዋት በዳቦ ጠቅልዬ ሳጎርሰው ከረምኩ። እሱ ግን እየከሳ ሄደ፤ ሆዱም አልጸና አለ። ልብስ ልታስለካ የመጣች ሴት እንኳ ሳትፈራው ተራምዳው አለፈች።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ “ክኒኑ ነው የጎዳው፣ ጣይው” ሲለኝ በአንዴ ተውኩት። ባሰበት፤ የበላውን ሁሉ ያስመልስ ጀመር። አቅፌው ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሮጥኩ።

አልተቆጣችኝም። ለካ ክኒኑ የታዘዘው ያኔ እግሩን ታሞ ማስታገሻ ሲወስድ ጨጓራው እንዳይቆስል፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ኖሯል። እግሩ ዳነ፣ ክኒኑ ግን ቀጠለ። የጨጓራ አሲድ በክኒኑ ለረጅም ጊዜ ሲታፈን የአንጀት ሥራ ሊዛባ፣ ቫይታሚንም ሊያንስ ይችላል አለችኝ፤ ድንገት ሲቋረጥ ደግሞ አሲዱ ገንፍሎ ይመጣል። ደሙን መርምራ የጎደለውን በመርፌ ሰጠችው። “መድኃኒቱ ጠላት አይደለም፤ ሳይሸኙት የቆየ እንግዳ ነው” ብላ ቀስ በቀስ አስቀነሰችኝ። እጇ ይባረክ! ባለፈው ሰሞን ሻምበል ፀጉር አስተካካዩን እስከ በሩ አሳደደው። ሰውየው እየሮጠ “ድኗል! ድኗል!” ሲል እኔ በደስታ አለቀስኩ።

አባባ፣ ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? ሐኪሟ ስታስረዳኝ እኔ የማስበው እርስዎን ነበር። ያንኑ ዓይነት ክኒን እርስዎም ስንት ዘመን ሲውጡ ኖረዋል፤ “እስከ መቼ ነው?” ብሎ የጠየቀልዎ የለም። ምናልባት ለእርስዎ የግድ ይሆናል፣ እሱን ሐኪምዎ ያውቃል። እግርዎ ላይ ወድቄ የምለምንዎ፣ በራስዎ እንዳያቆሙት፣ ሳይጠይቁም እንዳይቀጥሉ ነው። ለውሻው ሮጬ ለአባቴ ዝም ብል ምን ልጅ ነኝ?

እህቴ ሆይ፣ ይቺን ሳትዘይ ጮክ ብለሽ ደግመሽ አንብቢላቸው፤ ስላስታመምሽልኝ ውለታሽን አልረሳም። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ መንትዮቹንም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አባባ፣ ሻምበል ዛሬም በሩ ሲንኳኳ ቀድሞኝ ይነሳና እርስዎ አለመሆንዎን ሲያይ ይመለሳል። እሱን አድኜ አቆይቼልዎታለሁ፤ እርስዎም ራስዎን አቆዩልን።

ልጅዎ
ከስፌት ክፍሌ፣ የካቲት ፱ ቀን