9900 የሚለው ድንጋይ

ዙልቀዕዳ 2

ለመካና ለጂዳ ነዋሪዎች፣ ለቀይ ባሕር ዓሦችም ጭምር ይታወቅ! ከአሥራ አንድ ዓመት ታማኝ አገልግሎት በኋላ የእጅ ባትሪዬ ዛሬ ከዓስር ሶላት ቀጥሎ አርፏል። ቀብሩ እዚሁ ዓዚዚያ፣ በምጠብቀው የሐጃጆች ሕንፃ በር፣ በቆሻሻ በርሜሉ ውስጥ ተፈጽሟል።

የሕንፃው ወኪል አናስ ብቻ አልሳቀም። "ያ ዓም፣ አጎቴ፣ ተቆጣጣሪዎቹ በ15 ይመጣሉ። ምድር ቤት ያለውን ኸዛን፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ አብርተህ ታሳያቸዋለህ። ካልቻልክ ወጣት አመጣለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።"

ወጣት! አንድ ደረጃ ሳይወርድ ስልኩን አሥር ጊዜ የሚያይ...

እኔስ ብባረር ግድ የለም። ሱአድስ? የልጅ ልጄ ከዚያች ማዳም ቤት ወጥታ ለሐጅ ወቅት እዚህ ጽዳት የገባችው በእኔ ዋስትና ነው። እኔ ከወጣሁ እሷም ወጣች። ተመልሳ በሩ ከውጭ ወደሚቆለፍባት ቤት?

ዙልቀዕዳ 5

ጂዳ ወረድኩ። በኒ ማሊክ፣ ታናሿ ልጄ ጋ። ባሏ አብዱልከሪም ፔትሮሚን ጋራዥ ስለሚሠራ ብረት የነካው ነገር ሁሉ የአባቱ ውርስ ይመስለዋል።

"አባባ፣ እኔ እያለሁ?" አለና እንደ ሙሽራ የተሸፋፈነ ባትሪ አወጣ። አምስት ዓይነት ብልጭታ አለው። አንደኛው ለአደጋ ጥሪ ነው አለኝ። ኸዛን ውስጥ ማንን ልጥራበት?

ከሆዱ ድንጋዩን መዘዘ። አንድ ብቻ፣ ረዘም ያለ፣ የሚሞላ ዓይነት።

"ይመልከቱ፣ 9900 ይላል! የሌላው ሦስት ሺህ ነው። ይሄ ሦስት እጥፍ ይቆያል።"

"ማን አለ?"

"ተጽፎበታል እኮ!"

እኔም ግንባሩ ላይ "ሊቅ" ብዬ ልጻፍበት?

ዙልቀዕዳ 6

ቆየ። አሥራ አራት ደቂቃ።

ግድግዳ እየዳበስኩ ከምድር ቤቱ ወጣሁ።

ዙልቀዕዳ 8

ለአብዱልከሪም ደወልኩ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። "አልሞሉትም ይሆናል።" ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው የዋለው!

ስልክ ጠጋኙ ጋ ሌላ ድንጋይ ገዛሁ፣ 3000 የሚል። ከባትሪው ሆድ በጥቂት ይረዝማል፤ ክዳኑ አልዘጋ አለ። ሊቃችን በስልክ ፍርድ ሰጠ፦ "በመዶሻ ቀስ አድርገው ነካ ነካ..." ጠጋኙ ደግሞ ይሄ ዓይነት ድንጋይ ከተቀጠቀጠ ይነዳል ብሎ አስጠንቅቆኛል። ልጄ ይህን ሰው ስታገባ የት ነበርኩ?

ዙልቀዕዳ 9

ሱአድ አንዱን ድንጋይ በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጇ ይዛ ቆየች።

"አባባ፣ 9900 የሚለው ቀለለኝ።"

ቀለበቷን ወደገዛችበት ወርቅ ቤት ይዛኝ ሄደች። ባለሱቁ ሳቀ፤ ግን መዘነ። 3000 የሚለው፣ አርባ ስድስት ግራም። የአብዱልከሪም ጀግና? ሃያ ስምንት! ውስጡ ምን እንዳለ አላህ ይወቀው።

የእኛ ሴቶች ሚዛን ሳያዩ ቀለበት በጣታቸው አያስገቡም። ወንዶቻችን ጽሑፍ ይገዛሉ።

ስንመለስ ምን አለችኝ... "መጀመሪያ ባትሪው የሚበላውን ድንጋይ ይምረጡ አባባ። ድንጋዩ በየባቃላው፣ በየሰፈሩ ሱቅ ካልተገኘ፣ ሲያልቅ ምን ሊያደርጉት ነው?" እኔ የኖርኩትን ዕድሜ ግማሽ እንኳ አልኖረችም። ያናድዳል።

ዙልቀዕዳ 11

አዲስ ባትሪ ገዛን። አጭር፣ ወፍራም፣ መልከ ጥፉ... ቁርጥ እኔን። በማቀፊያ ሦስት ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ ይጎርሳል፤ ማቀፊያው ሲወጣ ያንን ረጅሙን 3000 ይቀበላል። ሱአድ ሻጩ ፊት ሁለቱንም እያስገባች፣ ክዳኑን እየዘጋች፣ እያበራች አየች። ሻጩ ሰለቸው። ይሰልቸው!

ብልጭታ የለውም። ሲያበሩት ይበራል፣ ሲያጠፉት ይጠፋል። አብዱልከሪም ይህን ቢማር።

ዙልቀዕዳ 15

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። አብዱልከሪምም "ልርዳ" ብሎ የመለስኩለትን 9900 ሞልቶ መጣ፤ ማን ጠራው? እሱ እያበራ ከፊት፣ እኔና ሱአድ ከኋላ። የእኛን ገና አላበራናትም ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ላይ መብራቱ ድርግም! በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ "እማዬ!" ብሎ ጮኸ። ይህን የሚያህል ጎረምሳ!

ሱአድ የእኛን አበራች። ከዚያ ግን የኸዛኑ መሰላል... አንድ እግሬን አኖርኩና መልሼ ሳብኩት። ሱአድ አልፋኝ ወረደች። ውሃውን፣ ግድግዳውን፣ ፓምፑን አንድ በአንድ እያበራች አሳየች። ፈረሙ።

አናስም፣ "ያ ዓም፣ አንተ በሩን ያዝ። የታችኛው ቁልፍ የእሷ ይሁን" አለ።

ወጣት አመጣለሁ ብሎ አልነበር? አመጣ። ከእኔው ጉያ።

አሁን ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ባትሪውን ልውሰድ ስል "ፈርመው ይውሰዱ አባባ" ትለኛለች። ለእኔ! እስክሪብቶ ይዛ!

አንድ ነገር ቀረ። ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ታዲያ ማንን ልዋሽ? መብራቱ ድርግም ማለቱ እውነት ነው። "እማዬ" ያለው ግን አብዱልከሪም አይደለም። እኔ ነኝ። እሱማ ሱአድ ካበራችም በኋላ ደረጃው እስኪያልቅ ድረስ እጄን አልለቀቀም።