«ደህና ነዎት?» ላለኝ ድምፅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጧት 1፡30

ገና ፊቴን ሳልታጠብ አዘዘኝ። «መድኃኒትዎን ይውሰዱ።» እንደምን አደሩ የለ፣ ምን የለ። እንዳልሰማ ሆኜ ዝም አልኩት። ደጋገመው፤ ከዚያ ሄዶ ለልጄ ለሂሩት በስልክ ከሰሰኝ። ወዲያው ደወለች። ሰላምታ የማያውቅ እንግዳ አስገብተሽብኛል አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ማስታወሻዬ፣ ከእንግዳው ጋር ላስተዋውቅህ። ዕቃውን ልጄ ሂሩት ቅዳሜ ነው የገጠመችው። መ/ቤቷ እንደኔ ብቻቸውን ለሚኖሩና ጠዋሪ ለሚያስፈልጋቸው አረጋውያን የሚናገር መሣሪያ ይሠራል። አንዱ ተናጋሪ በረንዳው መስኮት ላይ፣ ሌላው ወጥ ቤት። እጄ ላይ ደግሞ ሰዓት መሳይ ነገር አሰረችልኝ፤ ስወድቅ ያውቃል አሉ። የመጀመሪያዋ መሞከሪያ እኔ ነኝ።

ውላችን ይህ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ያለ ችግር ከሰነበትኩ እዚሁ ቀጨኔ፣ እዚሁ ቤቴ እቆያለሁ። ካልሆነ ቤቱ ይከራያል፤ እኔም እሷ ጋ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም። አንድ ጊዜ ከወጣሁ የምወርደው በሰው ሸክም ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሂሩት ከሥራ በኋላ መጣች። በይ እንግዲህ አንቺው አስተካክይው ብላ ዐረፍተ ነገሮቹን ወረቀት ላይ አምጥታልኛለች። ዊንጌት አካባቢ ት/ቤት ውስጥ ታይፒስት ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ብዕር ሲሰጠኝ እጄ ይበላኛል።

አብዛኛውን ሰረዝኩ። የመድኃኒቱ፦ «እማማ አስካለ፣ እንደምን አደሩ። አፍዎ ላይ ትንሽ ነገር ጣል ካደረጉ ኪኒንዎን ያስታውሱ።» ቡታጋዙ ተከፍቶ ሲቀር የሚጮኸው ደግሞ የአምቡላንስ ጩኸት ነው። ይህ ከእሳቱ በፊት እኔን ይገድላል አልኳት። «ወጥዎ እንዳያርር» ይበል በቃ። ሽሮ ቢሆንስ? አለች። ሽሮም ያርራል።

ስትሄድ ሳመችኝ። ደስ ብሏታል። እኔም፣ እውነት ለመናገር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ጧት

እንደምን አደሩ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ? አልኩ። መልስ የለም። ቢሆንም ኪኒኗን ዋጥኩ።

ዘይነባ ይህን ሰምታ በሳቅ ሞተች። ዘይነባ ግንብ የምትጋራኝ ባለሱቅ ናት፤ ከወሎ መጥታ እዚህ ያረጀች፣ ማለቴ ልታረጅ የተቃረበች። ብቻዬን ሳወራ እብድ መስያት ኖሯል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከሰዓት

ወደቅኩ።

የውሃ ፈረቃችን ዛሬ ነው። ቱቦውን በርሜሉ ውስጥ ከትቼ ሽንኩርት ልከትፍ ገባሁ። ሞልቶ ሲፈስ ሰማሁ። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜ ሩጫ! የግቢው ሲሚንቶ ርሷል። በግራ ጎኔ ወድቄ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ሰማይ ይታየኛል፣ የባሕር ዛፉ ጫፍ ይታየኛል፣ እግሬ አይታዘዘኝም።

ከመስኮቱ ድምፁ መጣ። ያው ለስላሳው፣ ራሴ ያረምኩት። «እማማ አስካለ፣ የወደቁ መሰለኝ። ደህና ነዎት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

በጀርባዬ ተዘርሬ። ውሃው በአንገቴ እየገባ። «ተመስገን። መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብሎ ዝም አለ።

ያንን የመለሰው አፌ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ደህና ነሽ ስባል ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ባለቤቴን የቀበርኩ ሰሞን እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን ነበር መልሴ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የአፌ አይደለም። «እርዳታ» ብል ይበቃ ነበር፤ ሂሩት አስጠንታኛለች። አላልኩም። አራተኛው ፎቅ ታየኝ።

ውሃው በግንቡ ሥር አልፎ ዘይነባ ሱቅ ገባ። ልትቆጣ መጣች። ስታየኝ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ጎኔ አልተሰበረም፤ ክፉኛ ተቀጥቅጧል። ለሂሩት እንዳትነግር ለመንኳት። ፊቷ ጠቆረ፤ ግን እሺ አለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሂሩት ደወለች፣ ደስታ በደስታ። ማክሰኞ መውደቅ የመሰለ ነገር ተመዝግቦ ነበር፣ ጠይቆሽ ደህና ነኝ ብለሻል፣ እንዴት ጥሩ ሠራ አለች። ማሽኑ ተሳስቶ ሳልወድቅ ወደቀች ያለ መስሏታል። አላረምኳትም። ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ፦ በሚቀጥለው ሳምንት እነዚሁ ዐረፍተ ነገሮች አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ነው። የእማዬ እጅ አለበት ብላ ለሥራ ባልደረቦቿ አውርታለች።

ቤቴ ተረፈ ማለት ነው። ማሽኑ ዋሽቶልኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሱቅ ወጣሁ፣ ቀስ እያልኩ። ዘይነባ ጥርሷ ታሞ ጉንጯ አብጧል። ሆን ብዬ ደህና ነሽ? አልኳት። አልሐምዱሊላህ አለች፣ ጉንጯን በሻርፗ እንደያዘች። ተያይተን ሳቅን። ቀድሜ ሳቄን ያቆምኩት እኔ ነኝ። እዚያ መኖሪያ ያሉት በሙሉ እንዲሁ ነው የሚመልሱት። ወድቀው፣ ተሰብረው። ማሽኑም ተመስገን ብሏቸው ዝም ይላል። እነሱ ደግሞ ዘይነባ የላቸውም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23። ማታ

ለሂሩት ነገርኳት።

ብርቱካን ይዛ መጥታ ገና ሳትቀመጥ። ጎኔን ገልጣ አየች፤ ጠቁሯል። አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች፣ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ራሷን። ቢሮ ሲሞክሩት የወደቁት ሁሉ ወጣቶች ነበሩ፤ «ደህና ነዎት?» ሲላቸው እንደተነገራቸው «አይደለሁም» ይላሉ። የማንም እናት አልተጠየቀችም።

ታዲያ «ሰው ልጥራልዎ?» ይበል? አለች። እሱንም እንቢ ነው የምንለው አልኳት፣ ሰው ለምን እናስቸግራለን ብለን። ከተጠየቅን ተበላሸ። ይጥራ፣ ከዚያ ይንገረን።

ስለ ቤቱ አላነሳችም። እኔም አልጠየቅኩም። ፈራሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሂሩት ፈቃድ ጠይቃ ቀርታለች። ወደ አረጋውያኑ መኖሪያ የሚገባው መሣሪያ እስኪስተካከል እንዲቆይ አስደርጋለች። ዘይነባ ሱቅ ደወል ገጠመች። ዘይነባ ራሷ ቦታ መርጣ፣ ከሚዛኑ በላይ።

ሞከርነው። ሰዓቱ የታሰረበትን እጄን ፍራሹ ላይ ወረወርኩ። ዘይነባ የደንበኛ መልስ በእጇ እንደያዘች ደረሰች፤ ደንበኛውም ተከትሏት። ድምፁ ደግሞ አሁን እንዲህ ይላል፦ «ዘይነባ እየመጡ ነው። እስኪደርሱ አይነሱ።» ጥያቄ የለውም። የሚግደረደሩበት ቀዳዳ የለውም።

ማምሻውን ሂሩት በር ላይ ቆማ ውሉን አፈረሰችው። የወር መጨረሻ የሚባል ነገር የለም። አዲሱ ውል፦ በየጧቱ ትደውላለች፣ እኔ የሚያመኝን እነግራታለሁ። ደህና ነኝ ብዬ የሸፈንኩባት ቀን ዕቃዬን ልትጭን ፒክአፕ ይዛ ትመጣለች። ከመሣሪያው ይልቅ የማላምነው አንቺን ነው አለችኝ። ቆረቆረኝ። ልክ ናት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27። ጧት 12፡40

ዛሬ የመድኃኔዓለም ክብረ በዓል። እልልታው እስከ በረንዳዬ ይሰማል። ነጠላዬን ለብሼ ጨርሻለሁ። በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን ዳገት አየሁት፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ስልክ። ሂሩት። እንዴት አደርሽ እማዬ።

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። አመለጠኝ።

ከእሷ በኩል የታክሲ ረዳት ይጣራል። ልትዘጋው ነው ብዬ ፈጠንኩ።

ጎኔ አላስተኛኝም አልኳት። ዳገቱን ብቻዬን አልችለውም፤ መጥተሽ ደግፊኝ። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ ለምኜ አላውቅም።

«እየመጣሁ ነው። እስክደርስ አትነሺ።»

ተቀምጬያለሁ።