ክብ ቀዳዳዎች

ሐምሌ ፫፣ ጧት
ይህኛውም ሽፋን ተበሳ። ጎባ ዛሬም ጉም ውስጥ ናት፤ ከመስኮቴ የጎረቤት አጥር አይታይም። ኮሎዲዮኑን፣ ሲደርቅ ስስ ቆዳ የሚሆነውን ፈሳሽ፣ ውሃ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። እንደ ዘይት ይሰፋል፣ ይደርቃል፣ ስስ ሽፋን ይሆናል። ከምስር ፍሬ በማትበልጥ የመዳብ ወንፊት አነሣዋለሁ። በአልኮል የበጠበጥኩት የኩራዝ ጥላሸት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በተበሳ ሽፋን ላይ ምን ያርፋል?

አባባ በበሩ ሲያልፉ አዩኝ። ሰው ልጁን የሚያስተምረው ከጥላሸት እንድትወጣ ነበር አሉ። ሳቅሁ። ተናደድሁም።

ሐምሌ ፬
ማስታወሻዬ፣ ታውቂዋለሽ፤ ግን ስጽፈው ይበርድልኛል። ዶ/ር ተ. ከአ.አ. ላቦራቶሪ ያስወጣኝ በዚሁ ቀዳዳ ነው። እጇ ግድየለሽ ነው ብሎ ጻፈ። የጥላሸቱን ጥናት፣ የኔን ሐሳብ፣ በስሙ ይዞ ቀረ። ያመነችኝ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ኃላፊ ወ/ሮ ማ. ብቻ ናት። ደህና ናሙና ከላክሽ ምስሉን አንሥቼ ለላቦራቶሪው የጥናት ጉባኤ አሳያለሁ፣ ትመለሻለሽ ብላለች። ጉባኤው ደርሷል።

ሐምሌ ፮፣ ከሰዓት
ሆስፒታል። የላቦራቶሪው ጋሽ ሁሴን በወባ ማይክሮስኮፓቸው እንዳይ ፈቀዱልኝ። ቀዳዳዎቹ ክብ ናቸው። ሁሉም። ወረንጦ ቢወጋው ይቀደዳል እንጂ እንዲህ ክብ አይሆንም። ጋሽ ሁሴን አጎንብሰው አዩ። “ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ከዚህስ ወባ ይሻላል፤ መድኃኒት አለው” አሉኝ።

ልመልስላቸው ስል ትንፋሼ የማይክሮስኮፑን መስተዋት አደበዘዘው። ጠብታዎች። ክብ ክብ። ልክ እንደ ቀዳዳዎቹ።

ሐምሌ ፯
ክፍሉን በከሰል አሞቅሁ፣ አደረቅሁ፣ እሳቱን አውጥቼ ሠራሁ። ሽፋኑ ሙሉ ወጣ። ቀጣዩም ሙሉ። ሌላውን ሳይደርቅ ሆን ብዬ ተነፈስሁበት፤ ተበሳ። እርጥበት ነው። እጄ አይደለም! ያኔም አ.አ. ክረምት ነበር።

ምሳ የለም። ለምሳ የመጡትን አባባን እጃቸውን ይዤ ወደ ሽፋኖቹ ጎተትኋቸው። ተይኝ፣ ቢሮ ይረፍድብኛል አሉ። ግን አይተው ነው የሄዱት።

ሐምሌ ፰
ሌላ ነገር መጣልኝ። ሽፋኑ፣ የቱንም ያህል ቢሳሳ፣ ምስሉን ያደበዝዛል። በቀዳዳ ጠርዝ የተንጠለጠለ ጥላሸት ግን ከጀርባው ምንም የለም። ባዶ አያደበዝዝም። የተበሳው ይሻላል ማለት ነው! የጥላሸት ቅንጣቶች እንደ ዶቃ የተያያዙ ኳሶች ናቸው ብዬ ስከራከር የኖርኩት እዚያ ይታያል።

አባባ ሙሉዎቹን ብቻ ላኪ ይላሉ። በቀዳዳ የተባረረ ሰው ቀዳዳ ይዞ አይመለስም። ልክ ናቸው፤ ሙሉው በሰላም ያስመልሰኛል። የተበሳው እንደገና ሊያስጥለኝ ይችላል። ሙሉው ጥሩ ነው። ጥሩ ብቻ ነው።

ሐምሌ ፱፣ ንጋት
አልልክም። ራሴ እሄዳለሁ። አውቶቡሱ ሮቤ ላይ ሳይሞላ ከዚሁ መያዝ አለብኝ። ሙሉውንም የተበሳውንም፣ ኮሎዲዮኑን፣ የውሃ ሳህኑን ይዣለሁ። በጉባኤው ፊት ሽፋን እዘረጋለሁ፣ እተነፍስበታለሁ። ዶ/ር ተ. አሁንም እጇ ነው ካለ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በትንፋሼ ብቻ እደግመዋለሁ።