ሰሌዳውን ለሦስት የከፈሉት መምህርት ተናኘወርቅ ደሴ

መምህርት ተናኘወርቅ ደሴ ከአባታቸው ከአቶ ደሴ ወርቅነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጊቱ አያልነህ በጭልጋ አውራጃ አይከል ከተማ አጠገብ በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በአይከልና በጎንደር ተከታትለው በ1970 ዓ.ም. በመምህርነት ተመረቁ፤ መተማ ተመድበውም አሥራ ሦስት ዓመት አስተማሩ። በ1972 ዓ.ም. ከመካኒኩ ከአቶ ባንተአምላክ ጋር ትዳር መሥርተው ማኅደርንና ሉሉን ወለዱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቤተሰቡ በገላባት በኩል ወደ ሱዳን ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባ።

በ1986 ዓ.ም. እዚህ ገዳሪፍ ያለው ኢትዮጵያዊ ተባብሮ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ሲከፍት የአማርኛ መምህርት ሆኑ። መጀመሪያ ያስተማሩት እሳቸው በተማሩበት መንገድ ነበር። ዐረብኛ ያመለጠው ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ ትግርኛ የተናገረም እንዲሁ። ይህን ኋላ ላይ ራሳቸው ሳይደብቁ ይናገሩት ነበር። የጨርቅ ነጋዴዋ የወይዘሮ ኡምሰልማ ልጅ ዋፋ ግድግዳውን ፈርታ ሦስት ወር ሙሉ ቃል ሳትተነፍስ ቆየች። ስለ ክረምት ጻፉ ሲባልም ባዶ ወረቀት ሰጠች። መምህርቷ አጠገቧ ተቀምጠው፣ «በይ በፈለግሽው ንገሪኝ፤ አማርኛውን አብረን እንፈልገዋለን» አሏት። ልጅቷ በዐረብኛ ጀመረች፤ ማን ያስቁማት። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ አባቷ ከነጭነት መኪናቸው ሀዋታ ከተማ ሰባት ቀን እንደ ቀሩ፣ እናቷም ያገኙትን ሾፌር ሁሉ ወሬ ሲጠይቁ እንደ ሰነበቱ ተረከችላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳውን ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለዐረብኛ ብለው በጠመኔ ለሦስት ከፈሉት። አንድ ነገር በየቤታቸው ምን እንደሚባልና እንዴት እንደሚኖሩት ልጆቹ ጠይቀው ይመጣሉ። ከደጋ የመጣው ልጅ ክረምት እህል የሚያልቅበት ወር ነው ሲል፣ የሰሊጥ እርሻ ሠራተኛው ልጅ አባቴ ሥራ የሚያገኝበት ነው ይላል፤ ከመጠለያ ጣቢያ የመጣችው ትግርኛ ተናጋሪ ደግሞ ድንኳናችን ውኃ የሚገባበት ነው ትላለች። ይከራከራሉ፤ ይሳሳቃሉ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ በአማርኛ የሚጽፈው የጓደኛውን ክረምት ነበር። የራሱን የጻፈ እንደገና ይጽፋል።

በ1999 ዓ.ም. ወደ ሊቢያ ሊያልፍ መጥቶ ደላላ ሜዳ ላይ የጣለው ተሻለ የሚባል ወጣት በራቸውን አንኳኳ። አቶ ባንተአምላክ ጋራዣቸው ውስጥ አልጋ ዘረጉለት፤ መምህርቷ የሚያስተምሩበት ክፍል አስገብተው የመምህርነት ሥራ አስተማሩት። አምስት ዓመት ከማዕዳቸው በላ። «እማዬ» ነበር የሚላቸው።

በ2004 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ርእሰ መምህር ሊሾም ሲያስብ ተሻለ ወረቀት ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። «የእማዬ ኢቃማ ሊታደስ ነው፤ የወላጅ ፊርማ ተጠይቀናል» አለ። እዚህ አገር ለሰው የመኖሪያ ፈቃድ ፈርሙ ሲባል ማንም ጥያቄ አያበዛም፤ ነገ ተራው የራሱ ነውና ይፈርማል። ወረቀቱ የተጻፈው በአማርኛ ብቻ ነበር። ሱዳን ያደጉት ወላጆች አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። አርባ አንድ ሰው ፈረመ፤ የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ኡምሰልማ ነበሩ። ወረቀቱ ግን መምህርቷ የልጆቻችንን አማርኛ ስላበላሹብን ይነሡልን ይላል።

ኮሚቴው ጠርቶ ከሥራ መነሣታቸውን ነገራቸውና ወረቀቱን ሰጣቸው። አርባ አንዱንም ስም አንድ በአንድ አንብበው ወጡ። ስምንት ወር ሙሉ በወይዘሮ ኡምሰልማ ሱቅ ደጃፍ አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። በመጨረሻ ወይዘሮ ኡምሰልማ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። «ኡስታዛ፣ ለኢቃማሽ በፈረምኩ ነው ይኼ ሁሉ ኩርፊያ? ዋፋ እንኳ በልጅነቷ እንዲህ አላኮረፈችኝም» አሏቸው።

ነገሩ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ አብረው ወደ ተሻለ ሄዱ፤ ርእሰ መምህር ሆኖ ነበር። ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ማንበብ ነበረባችሁ» አላቸው። ኮሚቴውም ፊርማ ፊርማ ነው ብሎ መለሳቸው።

ወይዘሮ ኡምሰልማ ግቢያቸው ውስጥ የሣር ዳስ አስጣሉላቸው፤ መምህርቷም በዚያ ዘጠኝ ልጆች ይዘው አራት ዓመት አስተማሩ። ስለ ተሻለ ሲነሣ ወሬ ይለውጣሉ። «እኔን የሚቆጨኝ ያ ስምንት ወር ነው፤ ያልበደለኝን ሰው ሁሉ ፊት ነሣሁት» ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 4 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ባንተአምላክ፣ እኅታቸው ወይዘሮ አሰፋሽና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ልጆቻቸው ማኅደርና ሉሉ ናቸው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ኮሚቴው «ረጅም ዘመን አገልግለው በክብር ተሰናበቱ» የሚል ዐረፍተ ነገር በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንዲገባ ትናንት ልኮ ነበር። ቤተሰቡ አላስገባውም። መምህርት ተናኘወርቅ የተባረሩት በሐሰት ወረቀት ነው።

በሰው ፊት ያላገኙትን ፍርድ እግዚአብሔር በፊቱ ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ይህ የሕይወት ታሪክ ከአማርኛው ቀጥሎ በትግርኛ ይነበባል፤ ዐረብኛውን ዋፋ ታነበዋለች። እስኪያልቅ ድረስ ማንም እንዳይሄድ ቤተሰቡ ይለምናል።