ያልመለስኩልሽ ሦስተኛው ጥያቄ

ውድ ማሪት፣

ይህን ደብዳቤ ሳትከፍቺ ልትጥዪው ትችያለሽ፤ መብትሽ ነው። ከከፈትሽው ግን ጤናሽን ጠይቄ፣ ስለ በረዶው ሁለት መስመር ጽፌ የምሰናበትሽ እንዳይመስልሽ። ያንን በየገናው የምልክልሽ ካርድ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያደርገው ኖሯል፤ አንድም ቀን አልመለስሽለትም፤ እኔም ብሆን አልመልስለትም ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ትናንት ምሽት በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የገጠመኝን ነገር ለመንገርና አንድ የቆየ ጥያቄሽን ለመመለስ ነው።

በየአራት ዓመቱ ጥር ሲመጣ፣ የፕሬዚዳንት ምርጫው ፉክክር ከእኛ ስለሚጀምር፣ አገሩ ሁሉ አይዋ የምትባል ቦታ መኖሯን ያስታውሳል። ፕሬዚዳንትነት ያማረው ሁሉ እዚህ መጥቶ የአሳማ ጥብስ እየበላ የሰው ሕፃን ይስማል። እጩዎቹ በቴሌቪዥን የሚከራከሩ ዕለት ከተማው እንደ ድሮው ምድር ቤቱ ውስጥ ይሰበሰባል፤ እኔም እንደ ድሮው ነጥብ እይዛለሁ። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ፣ ለእያንዳንዱ እጩ አንድ ዓምድ፣ የተሰነዘረበት ክስ በጥቁር፣ መልሱ ጎኑ ላይ በቀይ። መልስ ያላገኘው ክስ ይከበባል፤ የተከበበ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል። ሠላሳ አንድ ዓመት በክርክር መምህርነት ያስተማርኩት ሕግ ይኸው ነው፤ አንቺ ደግሞ ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዟ ስለነበርሽ ለአንቺ ማስረዳቱ ትርፍ ነው።

ወረቀቱን የምትለጥፍልኝ እናትሽ ነበረች። አሁን ወንበር ላይ ወጥቼ ራሴ እለጥፋለሁ፤ አንደኛው ጠርዝ ሁልጊዜ ይንጋደድብኛል። ሰው መሀል የሚያስገባኝ ነገር ብርቅ ሆኖብኝ ክርክሩ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዶሎረስ ገና ወንበር እየደረደረች ነበር። ሰዓቱን ተሳስቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አዎ ተሳስቼ ነው አልኳት።

አሁን ስለ ሦስቱ ጥያቄዎች። እናትሽን በቀበርን ማግስት ወጥ ቤት ውስጥ ቆመሽ ጠየቅሽኝ። መጀመሪያ ሕክምናው ለምን ዘገየ አልሽ፤ የሐኪሙን ወረቀት አውጥቼ አሳየሁሽ። ቀጥለሽ ለምን ቀደም ብሎ አልተነገረኝም አልሽ፤ እንዳልነግርሽ የከለከለችኝ እሷ ራሷ መሆኗን ነገርኩሽ፤ እውነትም ነው። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽና እንዲህ አልሽ፦

«አባዬ፣ እማዬ ያረፈች ቅዳሜ ነርሷ አንተ የተማሪ ክርክር ወደምትዳኝበት ትምህርት ቤት ደውላ ነበር። መልእክቱ ደርሶህ ነበር ወይስ አልደረሰህም?»

እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ቧንቧው ክፍት ስለነበር አልሰማሁም ማለት ይቻላል፤ ግን ሰምቼሻለሁ። አንድ ሳህን አጥቤ ሌላ አነሳሁ። ትንሽ ጠበቅሽኝና ካፖርትሽን ለብሰሽ ወጣሽ።

ትናንት ሦስት ተከራካሪዎች ነበሩ። ላንገን የሚባለው ነጋዴ ስለ አንድ ነገር ሲጠየቅ ስለ ሌላ ነገር የሚመልስ ሰው ነው፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብቻ አምስት ክበብ ተቆጠረበት። ሴናተር ሃልስተድ ምላሱ የተሳለ ነው፤ አንድ ነገር አያመልጠውም፤ ተማሪዬ ቢሆን እኮራበታለሁ፣ እራት ግን አልጠራውም። ሦስተኛዋ አገረ ገዥ ኮሪን ቬይል ናት። ድምጿ ቀጭን፣ ወረቀት የምታገላብጥ፣ ካሜራው የት እንዳለ የማታውቅ። ዌንደል፣ ያ በቆሎ አብቃዩ ጎረቤታችን፣ ከኋላዬ ተቀምጦ «ሴትዮዋ የቀብር ንግግር ልታደርግ ነው እንዴ የመጣችው?» እያለ ሰውን ያስቃል።

መጨረሻው ላይ ሃልስተድ ወደ እሷ ዞረ። በግዛቷ በጎርፉ ዓመት ግድብ ተሰብሮ አሥራ አንድ ሰው ሞቶ ነበር። «ግድቡ ውሃውን እንደማይችል ከሦስት ቀን በፊት ተነግሮዎት ነበር ወይስ አልተነገረዎትም?» አላት።

ዝም አለች። ወረቀቱንም ማገላበጥ ተወች። እኔ በቴሌቪዥን ላይ እንደዚያ የረዘመ ዝምታ አይቼ አላውቅም። እጄ በልማድ ሄደና ክሱን በጥቁር ከበብኩት። ገና ከብቤ ሳልጨርስ ተናገረች።

«አዎ፣ ተነግሮኝ ነበር። ይችለዋል ብዬ ነበር።»

ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልጨመረች፤ ሰዓቷ አለቀ። ምድር ቤቱን የሞላው ሰው አጉረመረመ። ዌንደል የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብሎ ፈረደባት። ዶሎረስ ግን ዓይኗ ወረቀቴ ላይ ነበር።

«አቶ ሎይድ፣ መልሳለች እኮ። ክበቡን ያጥፉላት እንጂ» አለችኝ።

በአውራ ጣቴ ፈተግኩት፤ የማይለቅ ቀለም ነው። ሰው ሳቀ። «ምን ያጠፋል?» አለ ዌንደል። «ዝም ብትልም ያው፣ ብታምንም ያው። ነጥቡ እንደሆነ ሄዷል።»

በሕጉ ትክክል ነው። እኔ ራሴ ለዌንደልም ለልጁም አስተምሬዋለሁ። ግን አፌ አምልጦኝ «ያው አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው? ንገረና፣ አንተ አይደለህ ዳኛው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እኔ ወደ ወረቀቴ ዞርኩ። ክርክሩ ሲያልቅ ነጥቡን ደምሬ ሴናተሩ አሸንፏል አልኩ፤ አጨበጨቡ። ዶሎረስ የተረፈውን ሳንድዊች ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወጥ ቤት ቁጭ አልኩ፤ ሳንድዊቹንም አልፈታሁትም።

ልዩነቱ የገባኝ እዚያ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለራሴ የምለው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ማሪት ሕጉን ታውቃለች፤ ዝም ስል ከብባው ሄዳለች፤ ስለዚህ አምኛለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን እንድል ትፈልጋለች እል ነበር። የእኔን መልስ አንቺ ራስሽ እንድትጽፊው ትቼልሽ፣ ጻፍሽው ብዬ ደግሞ የተቀየምኩሽ እኔ ነኝ። ያቺ ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት በአገር ፊት ቆማ ያለችውን እኔ ለገዛ ልጄ በገዛ ወጥ ቤቴ ማለት አቅቶኝ ነበር።

ሰኞ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንደ ወጋችን ሰው ድምፁን ለመስጠት ለየእጩው ጥግ ይዞ ሲቆም የቬይል ጥግ እቆማለሁ። ዌንደል ብቻህን ነው የምትቆመው ብሎኛል። ግድ የለም፣ ብቻዬን መቆሙን ለምጄዋለሁ አልኩት፤ እሱ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አልነበረም። ቤቱ ሰፍቶኛል፣ ናፍቀሽኛል፣ በስልክ ድምፅሽን ለመስማት ስንት ጊዜ ቁጥርሽን ጀምሬ እንደተውኩት አልነግርሽም።

እንግዲህ መልሱ ይኸው፦ አዎ፣ መልእክቱ ደርሶኝ ነበር። ከምሳ በኋላ፣ ሦስተኛው ዙር ሊጀመር ሲል፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፋ እጄ ላይ አኖረችው። «ባለቤትዎ እየጠሩዎት ነው፤ ቶሎ ይምጡ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ዳኛ አልነበረም፣ ተከራካሪዎቹ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፣ አንድ ዙር ብቻ ነው አልኩ። ይህ ሰበብ ነው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ እናትሽ አልጋ አጠገብ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩና «ጀምሩ» አልኳቸው። ሆስፒታል ስደርስ አልጋው በአዲስ አንሶላ ተነጥፎ ነበር። አርባ ደቂቃ ነው የቀደመችኝ።

ይቅር በይኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም፤ መልስም አላስገድድሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በሠላሳ አንድ ዓመት የዳኘሁትን ዙር ሁሉ ዛሬም ብትጠይቂኝ በስምና በነጥብ እነግርሻለሁ። ያን ዙር ግን ማን እንዳሸነፈ አላውቅም።

አባትሽ፣
ሎይድ